የመምህራን ክበብና የወሎ ቅሬ

(በደሴ በተካሄደ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ክበብ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ አዲስ መምህራን፣ እንዲሁም ይህን ቤት ከማናችንም በላይ የምታውቁት የወጥ ቤትና የመስተንግዶ ሠራተኞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አጀንዳው ብዙ ነው፤ ሁላችንንም ያመጣን ጥያቄ ግን አንድ ነው። ክበቡን በጨረታ ለተከራይ እንስጥ ወይስ እስከ አሁን እንደነበረው ራሳችን እናስተዳድረው? ኮሚቴው ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ሐሳቡን እንዲያስረዳ ወስኗል። እኔ ክበቡ በእጃችን ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ።

በቅድሚያ ግን የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ክብደት እንዳለው ልናገር። መምህር ምግብ ቤት ለመምራት አልሠለጠነም። የዘይቱ፣ የጤፉና የሽንኩርቱ ዋጋ እንደዚህ በሚለዋወጥበት ጊዜ ግዥ መፈጸም፣ ሒሳብ መዝጋት፣ የሠራተኛ ደመወዝ በቀኑ መክፈል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር በአንድ እጃቸው የፈተና ወረቀት ይዘው በሌላው ስለ ከሰል ስልክ ሲደውሉ አይቻለሁ። ተከራይ ቢገባ ይህ ሸክም ይወርዳል፤ በላዩም ኪራይ ይገኛል። ክበባችን ምሳ መብያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ያለ ማመንታት እጄን የማወጣው ለተከራይ ነበር።

እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዚህ የተቀመጡትን ሰዎች እዩ። ከጎንደር የመጣ አለ፤ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከነቀምቴ፣ ከሐዋሳ የመጣ አለ። ብዙዎቻችን ደሴን ያወቅናት በምደባ ደብዳቤ ነው። አንድ ሻንጣና ጥቂት መጻሕፍት ይዘን መናኸሪያ ወረድን፤ ሆጤ ወይም ሰኞ ገበያ በኩል አንድ ክፍል ተከራየን፤ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ጋቢ ገዛን። የደሴ ብርድ ቤተሰብ ላለው ሰው ብርድ ብቻ ነው፤ ብቻውን ለሚኖር ወጣት መምህር ግን ከብርድም ይከፋል። ታሞ ቢተኛ ማን ያውቃል? ተማሪዎቹ ‘ዛሬ መምህሩ ቀረ’ ብለው ደስ ብሏቸው ይበተናሉ፤ የትምህርት ክፍሉ ደግሞ የማካካሻ ፕሮግራም ይጠይቀዋል።

የከተማ ሰው ለዚህ ችግር መልስ ካበጀ ቆይቷል። ዕድር በከተሞቻችን የተስፋፋው ዘመዶቻቸውን በሩቅ ትተው የመጡ ሰዎች ብሞት ማን ይቀብረኛል፣ ብታመም ማን ይጠይቀኛል ብለው በማሰባቸው ነው። እኛ ባለንበት በወሎ ደግሞ ቅሬ አለ። አዲስ የመጣችሁ ምናልባት ስሙን አልሰማችሁ ይሆናል፤ የወሎ ልጅ ግን አብሮት ያደገበት ነው። በቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት አባል ይሆናሉ። ሰው ሲሞት ጥሪው ይሰማል፤ ሁሉም ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ለቅሶ ቤቱን ይሞሉታል። ያልመጣ ይቀጣል። መቅረትን ልማድ ያደረገ ሰው ከቅሬው ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ እሳት የሚያጭረው ጎረቤት አያገኝም። የቅሬው ሽማግሌዎች ሥራ በቀብር አያበቃም፤ የተጣላን ያስታርቃሉ፣ የበደለን ያስክሳሉ። በቅሬ ደንብ ገንዘብ ሰጥቶ ቤት መቀመጥ አይቻልም። ዋናው መዋጮ ሰውየው ራሱ ነው።

የእኛ ክበብ በወረቀት ላይ የመዝናኛ ክበብ ተብሏል። ሲሠራ ያየሁት ግን የቅሬን ሥራ ነው። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁበት። ባልደረባችን እናቱ መቱ አጠገብ አረፉ። ወንድሙ በደሴ የሚያውቀው ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የክበባችን ሒሳብ ተቀባይ ስልክ ነው። ወደ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው በእርሷ በኩል ስለነበር ቁጥሯን ይዘውታል። ወሬው የደረሰው ሲመሻሽ ነው። ባልደረባችን በዚያ ሰዓት እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዳማ ይጫወታል። ሒሳብ ተቀባይዋ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ለኮሚቴው በጆሮ ነገረች። መርዶ በምሽት አይነገርምና ማንም ምንም አላለውም። አብሮት የሚጫወተው ባልደረባችንም ተነግሮት ነበር፤ ያን ሁሉ እያወቀ ቆርኪውን እየገፋ፣ እየተረታም እየረታም፣ ጓደኛው ‘በቃ እንሂድ’ እስኪል ድረስ አብሮት አመሸ። ከዚያም በር ድረስ ሸኘው።

ጎሕ ሲቀድ ዕድሜያቸው የገፋ መምህራን ደጁ ላይ ቆሙ። ወጥ ቤት የሚሠሩት እናታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ነበሩ። ሁለት ሰዎች እስከ መቱ ድረስ አብረውት ሄዱ። የሚያስተምራቸውን ሁለት ኮርሶች ባልደረቦቹ ተከፋፍለው ያዙለት። ሲመለስ ለቅሶ የተቀመጠው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ‘እግዚአብሔር ያጽናህ’ የሚለውም ‘አላህ ያጽናህ’ የሚለውም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ። በጨረታ ያሸነፈ ተከራይ አዳራሹን ለሦስት ቀን ለለቅሶ ይለቅልናል? ቢለቅልንስ በየትኛው የውል አንቀጽ? የእርሱ ሒሳብ ተቀባይስ የማንን እናት ሞት ሰምታ ታለቅሳለች? ተከራዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ውሉ ለምሳ ነው፤ ለሌላው ነገር አልተዋዋለም።

ስለ ወጥ ቤቱ ደግሞ በሰፊው ልናገር፤ ምክንያቱም የተቃራኒው ወገን ክርክር በሙሉ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ይህ ቤት ሁለት ዓይነት ድስት፣ ሁለት ዓይነት ቢላዋ፣ ሁለት የሥጋ መክተፊያ አለው። የአንዱ ክዳን ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ የሌላው ላይ አልታሰረም። ለዓመት በዓልና ለማጠቃለያ ዝግጅት ስናርድ በሙስሊም ወገን የሚባረከው ለብቻው፣ በክርስቲያን ወገን የሚባረከው ለብቻው ይታረዳል፤ ሥጋው በሁለት ጓዳ ይሠራል፤ ተመጋቢው ግን በአንድ አዳራሽ ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ባልደረባችን በመጀመሪያው ዓመት ‘ታዲያ ለምን አንድ ዓይነት የጾም ምግብ አዘጋጅተን አንገላገልም?’ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወጥ ቤት የሚሠሩት እናታችን የመለሱለት አጭር ነው፤ ‘ልጄ፣ እንግዳ በበዓሉ ቀን የሚወደውን ይበላል’ አሉት። የወሎ ሠርግ እንደዚህ ነው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ሰንጋ ወይም በግ ለይቶ ያስረክባል፤ እነርሱ አርደው፣ ሠርተው፣ አብረውት ይደግሳሉ። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንዲሁ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የሆነውን አስቡ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። አንድ ነጋዴ ይህን ወር እንደ ኪሳራ ወር ያየዋል። ቀን ሙስሊሙ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የሚበላው ከቀትር በኋላ ሽሮና ምስር ነው። እኛ ግን ያን ሰሞን የወጥ ቤቱን ሰዓት በሙሉ አዛወርነው። ምሳ ዘግይቶ ይቀርባል፤ ለማፍጠሪያ ተምር፣ ሳምቡሳና ሾርባ ይዘጋጃል፤ ሾርባው ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ስለሚሠራ ጾመኛው ክርስቲያንም አብሮ ይጠጣል። አዛን ሲሰማ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለቱም ጾመኞች ተቀምጠው ነበር። ገቢያችን እንደቀነሰ የሒሳብ መዝገቡ ያሳያል፤ አልክድም። ይህን የመሰለ ውሳኔ የሚወስነው ቤቱ የራሱ የሆነ ሰው ነው።

ስለ ጦርነቱ ጊዜ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሁላችሁም የየራሳችሁ ቁስል አላችሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጊያው ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተበታተንን፤ ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ገሚሱም መሄጃ አጥቶ እዚሁ ቀረ። ስንመለስ ቤተ ሙከራዎቹና ቢሮዎቹ የደረሰባቸውን አይተናል። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ወንበር አልነበረም፤ ድስትም አልነበረም። ታዲያ ክበቡ ሥራ የጀመረው በጀት ተፈቅዶ ወይም ዕቃ ተገዝቶ አልነበረም። አንዱ ከቤቱ የተረፈ ጀበና አመጣ፣ አንዷ ረከቦት፣ ሌላው ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል። ስኒዎቹ ከየቤቱ የተሰበሰቡ ስለነበሩ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። በሣር ላይ ተቀምጠን አቦሉን ስንጠጣ የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ ጠራን። ማን ተመለሰ፣ ማን የት አለ፣ የማን ስልክ አይሠራም። በረካው ሳይደርስ ያልተገኙትን የሚያፈላልጉ ሰዎች ተመድበው ነበር። ከዩኒቨርሲቲው አካላት ሁሉ ቀድሞ የሰው ቆጠራ ያደረገው ይህ ጠረጴዛ እንኳ ያልነበረው ክበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድለት ላንሳ፤ ክበቡ በእጃችን ይቆይ ስል እንዳለ ይቆይ ማለቴ አይደለምና። ሴቶች መምህራን የት ናቸው? ዛሬ በስብሰባ ቀን እንኳ ስንቆጥር ከኋላ ወንበር ጥቂት ናቸው። በሥራ ቀን ማታ ማታ ይህ ቤት የወንድ ቤት ነው። ከረንቡላው፣ ቢራው፣ የእግር ኳሱ ቴሌቪዥን። እህቶቻችን ቡናቸውን በየቢሮአቸው አፍልተው ይጠጣሉ፤ ከሥራ ሲወጡም ልጅ ለማንሳት ይሮጣሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የመምህራን ክበብ አለ፤ ቤቱ በ1902 እ.ኤ.አ. በስመ ጥሩው አርክቴክት በርናርድ ሜይቤክ ተነድፎ የተሠራ ነው። ሴቶች መምህራን በአባልነት የማይገቡበት ስለነበር በ1919 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሴት መምህራን ክበብ አቋቋሙ፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራሳቸውን ሕንፃ ሠሩ። ለእነርሱ ጥንካሬ ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ግቢ ሁለት ክበብ እንዲያስፈልግ ያደረገውን የወንዶቹን በር አላመሰግንም። የእኛ በር በደንብ አልተዘጋም፤ በልማድ ነው የተዘጋው። ይህን ልማድ መቀየር የምንችለውም ቤቱ በእጃችን ሲሆን ነው። የቡናው ሰዓት ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይምጣ፤ የኋላው ክፍል ለልጆች ይለቀቅ፤ ከኮሚቴው አባላት ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ይህ ሦስተኛው ነገር በቸርነት የሚሰጥ አይደለም። ወጪና ገቢን በቤታቸውም በትምህርት ክፍላቸውም ሲያስተዳድሩ ያየናቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ዕውቀትም አንድ ነገር ልበል፤ መምህራን ነንና። በዚህ አገር መምህራን ተሰብስበው አብረው መኖራቸውና መወያየታቸው ከዩኒቨርሲቲ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው፤ ከዚያ የወጡ ደቀ መዛሙርት በመላ አገሪቱ ገዳማትን አቋቁመዋል። ጀማ ንጉሥ ደግሞ በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከል፣ ደረሳው ከሩቅ አገር እየመጣ ኪታብ የቀራበት፣ እስከ ዛሬ በመውሊድ ሕዝብ የሚጎርፍበት ነው። በሁለቱም ቦታ ማዕዱና ትምህርቱ አልተለያዩም። ሲማሩ የዋሉት ሲበሉም አብረው ናቸው፤ ክርክሩ በገበታው ላይ ይቀጥላል።

እኛም ዘንድ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። በኮምቦልቻ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና እንደሚገቡ ታውቃላችሁ። የኬሚስትሪ ባልደረባችን ለብዙ ጊዜ የውሃውን ናሙና ይለካ ነበር፤ የሚለካው ከብረት ክምችቱ አንጻር ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ የግብርና መምህሩ ‘ከዚያ ወንዝ በታች ያለው ገበሬ በመስኖ ምን እንደሚያለማ ታውቃለህ?’ አለው። ሰላጣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም። የጤና ሳይንስ መምህሯ ደግሞ አትክልቱ የት ገበያ እንደሚወጣ ጠየቀች። ሦስቱም በአንድ ግቢ ያስተምራሉ፤ በስብሰባ አዳራሽ አይገናኙም፤ የየትምህርት ክፍላቸው በር የተለያየ ነው። አብረው መሥራት የጀመሩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዎች ያገናኘው በቶናውና በበረካው መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ተከራይ ደግሞ ወንበር ቶሎ እንዲለቀቅለት ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም።

የኮምቦልቻ ባልደረቦቻችን ያነሱት ቅሬታ ትክክል ነው። ሁለቱን ግቢዎች የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ የመዋጮው ተቆራጭ ግን ከሁላችንም ደመወዝ እኩል ይወጣል፤ ዝግጅቱ ሁሉ ደሴ ላይ ነው። በክረምት ሐረጎ ጉም ሲለብስ ማታ መመለስ አደጋ ነው። ስለዚህ ዝግጅቶቹ በተራ ይሁኑ፤ እኛም ወደ ሞቃቱ አገር እንውረድ።

አሁን ወደ ተጨባጩ ነገር ልምጣ። ክበቡ በእጃችን ሲቆይ እንዲሟላ የምጠይቀው እነሆ። አንደኛ፣ ግዥና ሒሳብ የሚሠራ ባለሙያ በደመወዝ ይቀጠር፤ የሊቀ መንበሩ ስልክም ከከሰል ይገላገል። ኮሚቴው ይምራ እንጂ ሽንኩርት አይግዛ። ሁለተኛ፣ በየወሩ ገቢና ወጪው በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከኮሚቴው ውጭ በሆኑ የሒሳብ አያያዝ መምህራን ይመርመር። ሐሜት የሚነሳው ወረቀት ከሌለበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ የጠያቂ ቡድን ይቋቋም። በየወሩ የሚፈራረቁ ሰዎች ይመደቡ፤ ሦስት ቀን ያልታየ አባል ካለ ሄደው ያንኳኩ። ይህ ሥራ በፈቃደኝነት ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ የሚሄዱት እነዚያው ሰዎች ይሆናሉ፤ ስለዚህ እንደ ቅሬው ግዴታ ይሁን፤ ያልሄደ ይቀጣ። ወጣት መምህራን ቅጣት የሚለው ቃል እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ግን በር ሲንኳኳላችሁ የሚያንኳኳው ሰው ደስ ስላለው ብቻ ሳይሆን ማንኳኳት ስላለበት የመጣ ቢሆን ይሻላችኋል፤ ደስታ ይቀራል፣ ደንብ ግን ይመጣል።

አራተኛው፣ አዲስ ለሚመጣ መምህር ነው። በመጣ በመጀመሪያው ቀን መናኸሪያ ተቀባይ ይኑረው፤ ቤት እስኪያገኝ የሚያድርበት ይዘጋጅ፤ የቤት ኪራይ ዋጋ እንዳይጨመርበት የከተማውን ልማድ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይዙር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሰኞ ጀምሮ መሥራት ይቻላል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ እኔ የመጀመሪያው ሆኜ ተመዝግቤአለሁ። የኮምቦልቻዎቹም የራሳችሁን ዝርዝር ብታዘጋጁ ይሻላል፤ መናኸሪያው ሌላ ነውና።

እነዚህ ሐሳቦች በውሳኔ ሐሳብ መልክ ተጽፈው በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ክበቡን ለተከራይ መስጠት ይሻላል የሚሉት ባልደረባዬ አሁን ይናገራሉ፤ ብዙ ያሰቡበት ሰው ናቸውና በጥሞና አድምጧቸው። ድምፅ የምንሰጠው ከእርሳቸው በኋላ ነው።